ሸምሱ እያበራልኝ የቆረጥኳት ሽቦ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። እሳቸው በየፆሙ መግቢያ ቤቴ መጥተው "ልጄ፣ የከበደህ ነገር አለ?" ሲሉኝ፣ ረቡዕ ቀን እንደገደፍኩ፣ ደንበኛ እንደተሳደብኩ፣ ለእናቴ ሳልደውል እንደሰነበትኩ እየዘረዘርኩ ዋናውን ዋጥኩት። ሰባት ዓመት ዋጥኩት። አሁን የምነግራችሁ ጥሩ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ሰው እውነት ለመናገር ሰባት ዓመት አይፈጅበትም። የምነግራችሁ ስለተናደድኩ ነው። በማን? በራሴ ነዋ! በማን እናደዳለሁ ሌላ? እና እባካችሁ፣ መሃል ላይ "አይዞህ፣ ሰው ነህ" እንዳትሉኝ። ሰው መሆኔን አውቀዋለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው።

ሶማሌ ተራ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሶማሌ ተራን የማታውቁ ካላችሁ፣ መርካቶ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ነው፤ ከብሎን እስከ ሙሉ ሞተር። "የሌለ ዕቃ የለም" እንላለን፤ ደረታችንን ነፍተን ነው የምንለው። ሰው እኔን "ዶክተር" ይለኛል። መኪና የማትነሳ፣ መብራቷ የሚርገበገብ፣ ሌላ ጋራዥ ሦስት ሳምንት ከርማ ያልዳነች ስትመጣ "ዶክተር ጋ ውሰዳት" ይባላል። ይህን ስም እወደው ነበር። ዛሬ ሰው "ዶክተር!" ብሎ ከሩቅ ሲጠራኝ ድንጋይ አንስቼ መወርወር ያምረኛል።

ስሜ ተክሌ ነው። ተራው ውስጥ ተክሌ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሸምሱ።

ሸምሱ ፍሬን ሠሪ ነበር። የእሱንና የእኔን የሥራ ቤት የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ እሱ ከማዶ "ይማርህ" ይለኛል። እሱ ስልጤ፣ እኔ ጉራጌ፤ እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። በፆም ቀን ከአንድ ሳህን ሽሮ እንበላለን፤ በፍስክ ቀን ሥጋችን ስለማይገናኝ እሱ የራሱን እኔ የራሴን ይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠን እየተሰዳደብን እንበላለን። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ነበርን። አንድ ልማድ ነበረው፦ የማንንም ፍሬን ሠርቶ ሲጨርስ፣ ባለቤቱ ከመንካቱ በፊት መኪናውን ራሱ ይነዳዋል። ቁልቁለት ፈልጎ ይሄድና ረግጦ፣ ለቆ፣ ደግሞ ረግጦ ይመለሳል። እኛ እንስቅበት ነበር። "ይሄ ሰውዬ ቤንዚን ለመጨረስ ነው የተፈጠረው" እንለው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ይህን የሚያደርግ ሰው ነው እኔ ያዋረድኩት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ መኩሪያ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ጫማቸው የተወለወለ፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ። ከአገር ከሚወጣ አንድ ፈረንጅ የገዟት አሮጌ ግን ንጹሕ አውቶማቲክ የቤት መኪና ነበረቻቸው። ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጃቸው ናዝሬት ነው ያለችው፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከባለቤታቸው ከእትዬ ጽጌ ጋር በፈጣኑ መንገድ ይሄዳሉ። ያን ሁሉ መንገድ ቤንዚን መስጫውን ረግጦ መያዝ ጉልበታቸውን ይገድለዋል።

"መኪናዋ ክሩዝ ኮንትሮል አላት" አሉኝ፤ "ግን አይሠራም። አራት ጋራዥ አሳይቻለሁ።"

ክሩዝ ማለት እንዲህ ነው። ሰማንያ ላይ ትደርስና መሪው ሥር ያለችውን ዘንግ ትነካለህ፤ ከዚያ እግርህን ታነሳለህ። መኪናው ራሱ ሰማንያ ላይ ይዞ ይሄዳል። ፍሬን ስትነካ ግን ወዲያው ይለቃል፤ መልቀቅ አለበት። ሥራው ሁሉ በዚህ በመልቀቁ ላይ ነው። የማይለቅ ክሩዝ ክሩዝ አይደለም።

እኛ ጋ ይሄ ነገር የሚነካ የለም። መርካቶ ውስጥ ማን ሰማንያ ይነዳል? አሮጌ መኪና ላይ ካለም ሞቶ ነው የሚገኘው፤ ባለቤቱም መኖሩን አያውቅም። ታዲያ አራት ጋራዥ ያልቻለውን እኔ ልተወው? ዶክተር ልተወው? "ነገ ይምጡ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ያኔ ነው የጀመረው፤ ከዚያች ከትዕቢቴ።

የለፋሁትን ልክድ አልችልም፤ በደንብ ነው የሠራሁት፣ ይህም ያናድደኛል። መጀመሪያ ፊውዙን አየሁ፤ ደህና። መሪው ሥር ያለውን ዘንግ ፈትቼ ውስጡን ጠረግኩ፤ ደህና። ፍጥነት የሚቆጥረው ገመድ ካምቢዮው ላይ በትክክል ይዞራል። ኮፈኑን ከፍቼ የነዳጅ ገመዱን የሚስበውን ጣሳ መሰል ነገር አገኘሁት፤ ቱቦውን በአፌ ስቤ ሞከርኩት፣ ይስባል፣ አየር አያወጣም። ሁሉም ጤነኛ፤ አንድ ላይ ግን ሙት። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ፣ ጭንቅላቴን ፔዳሎቹ መሃል ከትቼ፣ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ አውራ ጣት የምታክል ስዊች አገኘሁ። አራት ሽቦ አላት። ሁለቱ የኋላ የፍሬን መብራት ያበራሉ። ሌሎቹ ሁለቱ የክሩዙ ናቸው፤ እግር ፍሬን ሲነካ ይለያዩና ክሩዙን ይገድሉታል። ሁለቱን ሽቦዎች የሚያገናኘው ጥርስ ተቃጥሎ ተለያይቶ ቀርቷል። ስለዚህ ክሩዙ ሁልጊዜ ፍሬን የተረገጠ ይመስለዋል፤ አልይዝም ይላል። ለካ በሽታው ይቺ ብቻ ናት! እንደ ሕፃን ነው የጮህኩት። ሸምሱ ከቆርቆሮው ማዶ "ምን ሆንክ ተክሌ፣ ነዘረህ?" አለኝ።

ስዊቿን ይዤ ተራውን ዞርኩ። ባለ አራት ሽቦ የለም። ሱቅ በሱቅ ጠየቅኩ፤ ባለ ሁለት እንጂ ባለ አራት የለም። ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ "በሚቀጥለው ወር ላስመጣልህ እችላለሁ" አለኝ። ስመለስ ባለሱቆቹ በየደጃቸው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። "ዶክተር! ዛሬስ በሽተኛው ሊያመልጥህ ነው!" ይላሉ። "ሪፈር ጻፍለት!" ይላል ሌላው። ሳቁብኝ። ሳቅ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ እኔም ስንቱን ስቄበታለሁ። ግን አንጀቴ ውስጥ ገባ። ጋሼ መኩሪያ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ በተስፋ ያዩኛል።

ዳይሬክት ሰጠሁት።

ዳይሬክት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የኛ ተራ በሽታ ነው፤ በሽታ ብቻ ሳይሆን ኩራታችንም ነው። ዕቃ ሲጠፋ፣ የተበላሸውን ከመሃል አውጥተህ ሁለቱን ጫፍ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ ታገናኛለህ። የማራገቢያው መቆጣጠሪያ ተቃጠለ? ዳይሬክት። የፓምፑ ሪሌ ጠፋ? ዳይሬክት። ማራገቢያውን ዳይሬክት ብትሰጠው ሳያቋርጥ ይዞራል፣ በቃ፣ ማንንም አይገድልም። ይህን እያደረግን ነው ያደግነው፤ ይህን ያልተማረ ፈረንጅ ብቻ ነው እንላለን። እኔም ባለ ሁለቷን ስዊች ለፍሬን መብራቱ ገጠምኩና የክሩዙን ሁለት ሽቦዎች አንድ ጣት በማትሞላ ቀይ ሽቦ አገናኘኋቸው። ክሩዙ ከዚያ ወዲያ ፍሬን መረገጡን አያውቅም። ፍሬን ቢረገጥ ባይረገጥ ይጎትታል። አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር! ከማንም በላይ አውቅ ነበር። የዚያችን ስዊች ሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያጠናሁት እኔ ነኝ።

መርካቶ ውስጥ ክሩዙ የሚይዝበት ፍጥነት ላይ መድረስ አይታሰብም፤ ጋሪው፣ ተሸካሚው፣ ሚኒባሱ። በክሪክ የፊት ጎማዎቹን አነሳሁና እዚያው ቆማ እንድትሽከረከር አደረግኩ። መርፌው ስልሳ ላይ ሲደርስ ዘንጓን ነካሁ፣ እግሬን አነሳሁ። ስልሳ ላይ ቀጥ አለች! ባለሱቆቹ አጨበጨቡ። "አቦ ዶክተር! አንተ እኮ ሰው አይደለህም!" አሉኝ። ፍሬኑን ግን አልረገጥኩም። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ፣ አንዲት ጊዜ እንኳን ፍሬኑን አልረገጥኩም፤ ብረግጥ ሁሉም እንደሚያይ አውቃለኋ።

ጋሼ መኩሪያ ግን አስተማሪ ናቸው። የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አንብበው ነው የመጡት። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው "ፍሬን ስረግጥ ይለቃል አይደል?" አሉኝ።

"ይለቃል፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ምን ያሳስብዎታል?"

ይለቃል አልኩ። በአፌ አልኩ። እርግጥ ነው፣ በልቤ "ባለ አራቷ ስትመጣ እቀይረዋለሁ፣ አንድ ወር ነው፣ ምን ይሆናል" ብያለሁ። ልብ ውስጥ የተባለ ነገር ለማን ይጠቅማል? እሳቸው የሰሙት "ይለቃል" የሚለውን ነው። ከዚያም፣ ስሙኝማ፣ "ረጅም መንገድ ከሄዱ የፍሬን ሸራውን ሸምሱ ይቀይርልዎት" ብዬ ወደ ጎረቤቴ የላክኋቸው እኔው ነኝ። ሸምሱ ቀየረላቸው። እንደ ልማዱ ነድቶ ሞከረው። ቁልቁለት ወርዶ፣ ረግጦ፣ ለቆ መጣ። ክሩዙን ግን አልነካውም፤ ምን ብሎ ይነካዋል? የሱ ሥራ አይደለም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ፈጣኑ መንገድ ላይ ጋሼ መኩሪያ ክሩዙን ይዘው ሲሄዱ ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ። ፍሬን ረገጡ። መኪናዋ ትንሽ ያዝ አደረገችና መልሳ ጎተተች። ደግመው ረገጡ፣ ደግመው ደጋግመው ረገጡ፤ ሞተሩ እየጎተተ፣ ፍሬኑ እየጋለ፣ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ እምቢ አላቸው። በዚያች ቅጽበት ክሩዙን በእጅ ማጥፋት ማን ትዝ ይለዋል? ደግሞስ እኔ ይለቃል ብያቸው የለ? የጭነት መኪናውን ከኋላ ገጩት። የመታው በእትዬ ጽጌ በኩል ነው። ዳሌያቸው ተሰበረ። እሳቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ምርኩዝ ቆመው አያውቁም።

ወሬው ሶማሌ ተራ ሲደርስ ምን ብሎ ደረሰ? "ፍሬን እምቢ አላቸው።" በቃ። ጋሼ መኩሪያም ለትራፊክ ፖሊሱ ያሉት ይህንኑ ነው፤ "ፍሬን ረገጥኩ፣ መኪናው እምቢ አለ።" ሰው ሁሉ ወደ ሸምሱ ቤት ዞረ። እኔም ከቆርቆሮው በዚህ ወገን ሆኜ ሰው ወደ ሸምሱ ቤት ሲዞር አየሁ። ያኔ አንድ እርምጃ ብራመድ፣ አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አልተራመድኩም።

በተራችን ሥራ ተበላሽቶ ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ ፍርድ ቤት አይኬድም። ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሎቹ የሚሉትን የማይቀበል ሰው እዚያ ሠርቶ አይበላም፤ ዕቃ የሚሸጥለት፣ ደንበኛ የሚልክለት የለም። ሰብሳቢው ሐጂ ኑረዲን ነበሩ፤ ዕቃ ሻጭ፣ ተራው ሁሉ የሚያከብራቸው። የተገጨችውን መኪና በተጎታች አስመጥተው አንድ ግቢ አስገቧት። ጋሼ መኩሪያ ክንዳቸው ታስሮ መጥተው እውነቱን ተናገሩ። "ክሩዙ ላይ ነበርኩ፤ ፍሬን ስረግጥ ይለቃል ብሎኝ ነበር ዶክተር" አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሐጂ ኑረዲን "እንግዲያው ኤሌክትሪኩም ይታይ። ከሌላ ቦታ ባለሙያ እንጥራ" አሉ።

ከዚያ ሸምሱ ተነሣ። ሸምሱ ራሱ! "ሐጂ፣ ሌላ ሰው ለምን ያስፈልጋል?" አለ። "ተክሌ ይየው። ተክሌ በሥራ ላይ አይዋሽም። ጥፋቱ የሱ ቢሆን እንኳ እሱ ራሱ ይናገራል፤ እኔ አውቀዋለሁ።"

እኔ አውቀዋለሁ አለ። ምኑን ነው የሚያውቀው? አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እኔ ራሴ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ፒንሳዬን ይዤ ገባሁ። የመኪናዋ ፊት ተጨፍልቋል፤ ባትሪው ተሰባብሯል፤ ምንም አስነስቶ መሞከር አይቻልም። ማስረጃው የኔ ዓይንና የኔ አፍ ብቻ ነው። ጀርባዬ ላይ ተኛሁ። ፔዳሎቹ ሥር ጨለማ ነው። "ብርሃን ስጡኝ" አልኩ። ሸምሱ የእጅ ባትሪ ይዞ በሩ ላይ ተንበረከከና አበራልኝ። "ወደ ግራ? ወደ ቀኝ? ታየህ ተክሌ?" ይለኛል። ታየኝ። ቀይዋ ሽቦ እንዳስቀመጥኳት አለች። ሸምሱ ክንዱ እስኪዝል ብርሃኑን ይዞልኝ፣ በሱ ብርሃን ሽቦዋን በሁለት በኩል ቆረጥኳት። ቀጭ፣ ቀጭ።

"ምንድነው የቆረጥከው?" አለኝ።

"የታሰረበትን ፕላስቲክ ነው" አልኩት።

"እሺ" አለ። እሺ አለና ብርሃኑን አስተካከለልኝ። ቁራጯን ሽቦ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳት። ወጣሁ፣ እጄን በጨርቅ ጠረግኩ፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆምኩ። "ኤሌክትሪኩ ንጹሕ ነው" አልኩ። "ሁሉም በቦታው ነው።"

ሐጂ ኑረዲን "እንግዲህ ፍሬኑ ነው ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አልኩ? "እኔ የፍሬን ሰው አይደለሁም፣ ሐጂ" አልኩ። አያችሁ ተንኮሌን? ሸምሱ አጠፋ አላልኩም። ያን ለማለት እንኳን ወንድነት አልነበረኝም። ዝም አልኩና ዝምታዬ ሥራዬን ሠራልኝ። ጎማዎቹን ፈትተው ሸራዎቹን ሲያዩ ነደው ጠቁረዋል። "ይኸውና፣ የማይረባ ሸራ ነው" አለ አንዱ። ሸራው የነደደው ሞተሩ እየጎተተ ፍሬኑ ሲታገል እንደሆነ እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ታግሎላቸዋል። የሸምሱ ሥራ ነው እትዬ ጽጌን ከሞት ያተረፈው! ይህን ነው የቀበርኩት።

ሸምሱ የነደደውን ሸራ አንስቶ አገላበጠው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። "ነድቼ ሞክሬው ነበር" አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። "ምናልባት ከፍሬን ዘይቱ አየሩን በደንብ ሳላወጣው... ምናልባት ቸኩዬ..." ከዚያ ሸራውን አስቀመጠና "ኤሌክትሪኩ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። የኔን ቃል አምኖ ነው በራሱ ላይ የፈረደው። ቤቱን ለቀቀ፤ ዕቃውን ሁሉ ሸጦ እትዬ ጽጌን አሳከመ። ማንም አላባረረውም። ራሱ ነው የሄደው።

የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም።

እትዬ ጽጌ ከሆስፒታል ሲወጡ ሸምሱ እኔ ጋ መጣ። ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌ ያስፈልጋል፤ ሰው ብቻውን አይሄድም። "ተክሌ፣ አንተ ሽማግሌ ሁነኝ" አለኝ። ሄድኩለት። አዎ፣ ሄድኩ! ከፊት ከፊቱ እየሄድኩ ጋሼ መኩሪያ ቤት ገባሁ፤ "ይህ ወንድማችን ሳያውቅ አጥፍቷል፣ ይማሩት" ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ሸምሱ ወለሉ ላይ ተደፍቶ የእትዬ ጽጌን እግር ያዘ፣ በተሰበረው ዳሌ በኩል ያለውን። አለቀሰ። እትዬ ጽጌም አለቀሱ። "ተነሥ ልጄ፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ" አሉት። በቤቱ የነበረው ሁሉ "አሜን" አለ። እኔም አልኩ። ድምፄ ከሁሉም ጎልቶ ተሰማኝ። የኔን ጥፋት እሱ ተደፍቶ ሲያለቅስበት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሜን አልኩ፤ ከዚያ ቤት ስንወጣም "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ቱ! ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ? ያ ትከሻ እንዴት አልተቆረጠም?

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ፣ ሻማ አብርቻለሁ፣ ለነዳያን ሰጥቻለሁ። ለሸምሱ ቤት በዒድ በዒድ ስኳርና ዘይት ልኬያለሁ፤ "ተክሌ እኮ አልረሳኝም" እያለ ለሰው ያወራል አሉ። የገዛ ሌባውን ያመሰግናል። ይህ ሁሉ እንደ ዳይሬክት ነው፤ የተበላሸው እዚያው ተበላሽቶ በላዩ ላይ ሽቦ መቀጠል።

ባለፈው ወር እህል በረንዳ ሄጄ ሸምሱን አገኘሁት። አሁን እዚያ ጆንያ ይሰፋል። ጢሙ ሸብቷል። ሻይ ጋበዘኝ፤ እኔ ልክፈል ብል በጭራሽ አለኝ። ስናወራ ተራችን ውስጥ ጥሩ ፍሬን ሠሪ መጥፋቱን ነገርኩትና "ለምን አትመለስም? ሰባት ዓመት እኮ ነው፣ ማን ያስታውሳል?" አልኩት። ይህን ያልኩት ደግነት መስሎኝ ነው። ትክ ብሎ አየኝ።

"እጄን አላምነውም ተክሌ" አለኝ። "ለልጄ ብስክሌት ገዛሁላት። ፍሬኗ ላላ። የብስክሌት ፍሬን! ፒንሳውን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እንደገና ሰው ልሰብር ነው ብዬ ጎረቤት ወስጄ አሠራሁላት።"

ያ ሰው ቁልቁለት ሳይወርድ የማንንም መኪና የማያስረክብ ሰው ነበር። እጁን እኔ ነኝ የወሰድኩበት። ቤቱን መውሰዴን፣ ስሙን መውሰዴን አውቅ ነበር። በገዛ እጁ ላይ የነበረውን እምነት መውሰዴን አላውቅም ነበር። እዚያው "ሸምሱ..." ብዬ ጀመርኩ። "አቤት" አለኝ። ሻዬን ጨለጥኩና "በል ደህና ዋል" ብዬ ተነሣሁ። እንደገና ሸሸሁ! በቀን ብርሃን፣ ሰው ሁሉ እህል እየጫነ፣ ሸሸሁ። ቤቴ ገብቼ ሚስቴ ምሳ ስታቀርብ ሳህኑን ወረወርኩት፤ ምን ሆንክ ስትለኝ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ይቅርታ የምጠይቅ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አልጠይቅም። ይቅርታ አንዴ ተሰጥቷል፤ ላላጠፋ ሰው ነው የተሰጠው፤ የሰረቅኩት እሱንም ጭምር ነው። ዕቃ ጠፍቶ ነው አልልም። ሳቁብኝ አልልም። የተራው ልማድ ነው አልልም። ይለቃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ጽጌ ፊቴ ላይ ቢተፉ አልጠርገውም። ተራው ቢያባርረኝ ይገባኛል። ፖሊስ ቢጠራም ይጠራ።

ትናንት ሐጂ ኑረዲን ጋ ሄጄ ቅዳሜ የዚያን ጊዜዎቹ ሽማግሌዎች ሁሉ ጋሼ መኩሪያ ቤት እንዲሰበሰቡልኝ ለመንኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም፤ እዚያው ሁሉም ፊት እናገራለሁ አልኳቸው። ከዚያ ወጥቼ ለሸምሱ ደወልኩ።

"ቅዳሜ ጋሼ መኩሪያ ቤት ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። አንተም ና" አልኩት።

የሚሰፋውን ጆንያ ወደ ጎን ሲጎትት ሰማሁት። "እትዬ ጽጌ ባሰባቸው እንዴ?" አለኝ።

"አይ፣ ደህና ናቸው።"

"ታዲያ ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋህም፣ ሸምሱ። ያኔም ምንም አላጠፋህም" አልኩት።

አላመነኝም። እያባበልኩት መሰለው። "ግድ የለም ተክሌ፣ አትጨነቅ" አለኝ፤ "ምንም ይሁን ምን እመጣለሁ። ካጠፋሁም እንደገና እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።"